ማገዶ ለመጫን ምን ልግዛ?

በዚህ ዓምድ ስለ መኪናና ስለ ጭነት ከአንባብያን ለሚደርሱን ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት፣ ለረጅም ዓመታት አይሱዙ ያሽከረከሩና አሁን በባሕር ዳር ጋራዥ ያላቸው ባለሙያ ናቸው። የዚህ ወር ሦስቱም ደብዳቤዎች ስለ ማገዶ የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ ጠላ ጠማቂ ነኝ። ማገዶ የምገዛው ከዘጌ በታንኳ ከሚያመጡት ሰዎች ሐይቁ ዳር ነው፤ ከዚያ እስከ ቤቴ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ወንድሜ «ያገለገለ የሰው ባጃጅ ገዝተን፣ ጀርባውን ቆርጠን ጭነት እናድርገው» እያለ ይጎተጉተኛል። ያዋጣኛል ይላሉ?

መልስ፦ ወንድምዎ ቅር ቢለውም አያዋጣዎትም። የሰው ማመላለሻ ባጃጅ ጀርባ ለጌጥ የተለጠፈ ቆርቆሮ አይደለም፤ ወለሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ተቆርጦ እንጨት ሲጫንበት ወለሉ ይረግባል። እንዲህ ያለው ባጃጅ ወደ ጋራዥ ሲመጣ ገና ከሩቅ ያስታውቃል፤ የኋላ ጎማዎቹ አናታቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እግራቸው ወደ ውጭ ተከፍቶ ይታያሉ። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። በዚያ ላይ ሊብሬው የሰው ማመላለሻ ነው የሚለው፤ ያለ ፈቃድ ቅርጹን ቀይረው መንገድ ላይ ቢያዝ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት እንጂ ወንድምዎ አይደለም።

ለሩብ ሰዓት መንገድ የሚበቃዎት የእጅ ጋሪ ነው። ብየዳ ቤት ሄደው ሲያሠሩ የሞተር ብስክሌት ጎማ እንዲገጥሙለት ይንገሯቸው፤ ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች በኮብልስቶን ላይ እጅ ይበጥሳሉ። ጎማዎቹ ከጋሪው መካከል ጥቂት ወደ ፊት ይሁኑ፤ እጀታው ላይ ትንሽ ክብደት ቢያርፍ ነው ጋሪው የሚታዘዝ። ከሐይቁ ዳር እስከ ቤትዎ የሚገፋልዎ ጎረምሳ አይጠፋም።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልጨምር። ታንኳ ደንገል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ነው የሚሄድ። ከታች የተደረደረው እስር ረጥቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከላይኛው ይምረጡ። ደግሞም ምን እንጨት እንደሆነ ይጠይቁ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ይግዙ። ከዘጌ ቡና ጥላ ሥር የወጣ የአገር ዛፍ ከሆነ ግን ይተዉት። ጣናና ዙሪያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ያ ደን ለጠላ ድፍድፍ የሚነድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሽምብጥ አካባቢ እንጀራ እየጋገርሁ ለሆቴሎችና ለሱቆች አከፋፍላለሁ። አራት ምጣድ አለን፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ነገር በማገዶ ነው። በሳምንት ሁለት የፈረስ ጋሪ እንጨት እንፈጃለን። ጋሪ ነጂዎቹ አንዱ 4 ኩንታል ነው ይሉኛል፤ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ነው፤ ዋጋውም በየጊዜው ይጨምራል። ታላቅ ወንድሜ መራዊ አጠገብ፣ ከአስፋልቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ የደረሰ ባሕር ዛፍ አለው። «መኪና ካመጣሽ ቁረጪና ውሰጂ» ብሎኛል። በእጄ ያለው ገንዘብ ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ይገዛል። ከቁጠባ ማኅበራችን ብበደር ደግሞ ያገለገለ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ወይም ያረጀ አይሱዙ አላጣም። ባለቤቴ አይሱዙ ይላል። ልጄ ሃይሉክስ ገዝተን ተሳቢ እናሠራለት ይላል። እኔ ደግሞ ብድሩ ያስፈራኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ቁጥር አለበት። ብዙ ሰው «ማገዶ ልጭን ነው፣ ምን ልግዛ» ብቻ ብሎ ይጽፍልኛል። እርስዎ በሳምንት 8 ኩንታል ብለዋል፤ መኪናውን ለጊዜው እንርሳውና ከ8ቱ ኩንታል እንጀምር።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። እርጥቡን ሲገዙ ከ8 ኩንታልዎ ውስጥ ከ3 ኩንታል ተኩል የማያንሰው ውሃ ነው ማለት ነው። ለዚያ ውሃ የእንጨት ዋጋ ይከፍሉበታል፣ የፈረስ ጉልበት ይከፍሉበታል፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ እሱን ለማትነን ሌላ እንጨት ያነዱበታል። ያው እንጨት በደንብ ሲደርቅ 5 ኩንታል ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ያው እንጀራም ይጋገርበታል። እንዲያውም ጭሱ ስለሚቀንስ የጋጋሪዎችዎ ዓይን ያመሰግንዎታል። ስለዚህ እርስዎ የሚፈልጉት በሳምንት 5 ኩንታል ተኩል ደረቅ እንጨት ነው።

ይህ ቁጥር መኪናውን ይመርጥልናል። አሮጌው አይሱዙ ኤን ፒ አር በተለምዶ 35 ኩንታል ጫኝ ይባላል። 35 ኩንታል ደረቅ እንጨት ለእርስዎ የስድስት ሳምንት ቀለብ ነው። በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጭነት ቢያመጡ ጨረሱ ማለት ነው። ታዲያ ለባለቤትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝና ይህን ይጠይቁልኝ፦ አይሱዙው በስድስት ሳምንት አንድ ቀን ማገዶ ከጫነ የቀሩትን አርባ ቀናት ምን ይሠራል? ሾፌር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ረዳት ይፈልጋል፣ ስድስት ጎማ አለው፣ ቦሎና ኢንሹራንስ አለው፣ ማደሪያ ይፈልጋል። «ለሰው እናከራየዋለን» ካሉ መልካም፤ ያ ግን ራሱን የቻለ የጭነት ሥራ ነው። መጥፎ ሥራ አይደለም፤ እኔንም ልጆቼንም ያሳደገን ሥራ ነው። ለእሱ ብለው ይግዙት እንጂ ለማገዶ ብለው አይግዙት። አሮጌ አይሱዙ ለማገዶ ብሎ የገዛ ሰው ማገዶውን ሸጦ ነው ጎማ የሚቀይረው።

የልጅዎን ሐሳብ እንይ። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) አጭር ነው፤ ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር በታች። እስከ ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ቢሞላ ከአንድ ሜትር ኩብ ብዙ አያልፍም። አንድ ሜትር ኩብ የተደረደረ ደረቅ ባሕር ዛፍ 4 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው፤ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ነውና። አንድ አይሱዙ የሚያመጣውን ለማምጣት ሃይሉክሱ ስምንት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ቆልለው ቢጭኑ እንኳ አራት ጊዜ። መራዊ ደርሶ መልስ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ነዳጁን ያስሉት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያገለገለ ሃይሉክስ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚኮራ ገበያ ወጥተው ይዩ።

ተሳቢው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ተሳቢ ራሱን የቻለ ሰሌዳና ሊብሬ ይፈልጋል፤ የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ሃይሉክሱ ሁለት ሰውነት በአንድ ፍሬን ያቆማል። ከፊት በኩል በጣም ከቀለለ ጅራቱ ይወዛወዛል፤ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ይህን ሁሉ ቢያሟሉ እንኳ በሽምብጥ ቅያስ ውስጥ ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ የሚችል ሾፌር መፈለግ ይቀራል። እኔ ራሴ ብጠየቅ ዋጋ አስጨምራለሁ።

ወደ ባለ ሦስት እግሩ ስንመጣ፣ ይህ ለከተማ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ የሚጭኑት 5 ኩንታል አካባቢ ነው። ቅያስ ውስጥ ይገባል፣ ቦታ አያጣብብም፣ ነዳጁ ጥቂት ነው። ከመራዊ ማገዶ እንዲያመጣልዎት ግን አልመክርም። ያ መንገድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ የሚበርበት ነው፤ ጭኖ በዝግታ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር እዚያ መሀል ቦታ የለውም። ሌላም አለ። እንጨት ከኋላ በኩል ከበዛበት የፊቷ አንዲት ጎማ መሬቱን በደንብ አትይዝም፤ መሪው ይቀላል። ከፍ አድርገው ከቆለሉበት ደግሞ ኩርባ ላይ ይተኛል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ባለ ሦስት እግሩን በእጅዎ ባለው ገንዘብ ይግዙት፤ ለማገዶ ሳይሆን ለእንጀራው። በየቀኑ ለሆቴሎችና ለሱቆች የሚያደርሱበትን ኪራይ እሱ ያስቀርልዎታል፤ በየቀኑም ሥራ አለው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ገበያ ላይ አሉ፤ ለከተማ ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ባትሪው የእርሳስ ይሁን የሊቲየም ሳይጠይቁ ብቻ አይክፈሉ፣ የእርሳሱ ቶሎ ይደክማልና። ማገዶውን ደግሞ አይሱዙ ተከራይተው ያምጡ። ብድሩ ይቅርብዎት።

ኪራዩን ርካሽ ማድረግ ይቻላል። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ ሸቀጥ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አይጠፋም። ባዶ ከመመለስ በትንሽ ዋጋ ቢጭን የሚወድ ሾፌር ብዙ ነው። የሁለት ሦስት ሾፌሮችን ስልክ ይያዙ፤ ከመጫኛው ቀን ጥቂት ቀደም ብለው ይደውሉ። ሾፌሩ ግን አስፋልቱን ለቅቆ 4 ኪሎ ሜትር ገብቶ ጫካ ውስጥ እንዲጭን ከጠየቁት ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ ልክም ነው። እንጨቱ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀው። ከወንድምዎ ማሳ እስከ አስፋልቱ የሚያወጣው እዚያው ያለ የፈረስ ጋሪ ነው። በበጋ በዝግታ፣ ሥራ በማይበዛበት ቀን ይመላለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ እሱም ያለው በወንድምዎ እጅ ነው። ዛፉ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ይሁን፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ የበጋው ፀሐይ ከፊት አለ። በዚያው ሳምንት ይፈለጥ። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ለፋስ ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላ በተለይ ቀዩ ባሕር ዛፍ ፋስ ያስመልሳል። ልጡ ይላጥ፤ ልጥ ውሃ ይዞ ያስቀራል። የተፈለጠው በሁለት ወፍራም አግዳሚ ግንዶች ላይ ይደርደር፤ መሬት ከነካ ከእርስዎ በፊት ምስጥ ይበላዋል። ከላይ ሸራ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበት፤ ጎኑ ግን ለንፋስ ክፍት ይሁን። በጥርና በየካቲት ለጭነት ይደርሳል። ጉቶው ደግሞ ከመሬት በስንዝር ከፍታ፣ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጥ፤ ውሃ አይቆምበትም፣ ደህና አድርጎም ያቆጠቁጣል። ወንድምዎ ይህን ያውቀዋል፤ ቆራጮቹ ግን በወገባቸው ልክ ቆርጠው ይሄዳሉና አጠገባቸው ይቁም።

ድርቀቱን እንዴት ያውቁታል? ሁለት ፍልጥ አንዱን በአንዱ ይምቱ፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። ጫፉን ይዩ፤ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄዱ ስንጥቆች አሉበት ወይ? ከዚህ የተሻለ ከፈለጉ ከክምሩ መሀል አንድ ፍልጥ አውጥተው በሚዛን ይመዝኑ፣ ክብደቱን በከሰል ይጻፉበት፣ መልሰው ያስቀምጡት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመዝኑት። መቀነስ ሲያቆም አይሱዙውን ይጥሩ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤን ፒ አር ካሶኒ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ጥቂት ያልፋል፣ ስፋቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ደረቅ እንጨት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ሲደረደርበት 34 ኩንታል ይሆናል፤ ልክ ነው። እርጥብ እንጨት በዚያው ከፍታ፣ በዚያው አደራደር 50 ኩንታል ገደማ ይደርሳል። ዓይን ልዩነቱን አያይም፤ ባሌስትራው (ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ንጣፍ) ግን ያያል። ሾፌሩ «ስፖንዳው ገና አልሞላም፣ ጨምሩ» ሲል ጫኞቹ ይጨምራሉ፤ ከዚያ መሸንቲ ሳይደርስ ጎማ ይፈነዳል። ከሊብሬው በላይ ተጭኖ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ መከራከሪያ ያገኛል።

ሲጫን እርስዎ ወይም ልጅዎ ይገኙ። የመጀመሪያው ረድፍ ከጋቢናው ጋር ተጣብቆ አግድም ይደርደር፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አጫጭሩ ፍልጥ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ያግደዋል። ከባዱ ግንድ ከታች፣ ከኋላ እግሩ (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት) ወደ ፊት ይሁን፤ ከኋላ እግሩ አልፎ የተቆለለ ክብደት ፊቱን ያነሳዋል። ከስፖንዳው በላይ የወጣው በሸራ ይሸፈን፣ በገመድ ይታሰር፤ ከመኪና ላይ የወደቀች አንዲት ፍልጥ ለሞተረኛ ሞት ናት። በጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ፤ ረዳቱም ቢሆን። አስፋልቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ በኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከል ይይ። ከጥርጊያው መንገድ የተነሣ ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ እዚያ ይሰነቀራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ሁለቱንም ጎማ ይበላል። ይህን የማያይ ረዳት ብዙ ነው።

ወረቀቱንም አይርሱ። የደን ውጤት ያለ ማጓጓዣ ፈቃድ አይጓጓዝም። ወንድምዎ ባሕር ዛፉ ከራሱ ይዞታ የተቆረጠ ለመሆኑ ከቀበሌው ማረጋገጫ ይዞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያውጣ፤ ከመጫኑ በፊት እንጂ ኬላ ላይ ከተያዘ በኋላ አይደለም። በጭነቱ ውስጥ አንዲት የዋንዛ ወይም የጽድ ጉማጅ እንዳትገኝ፤ ለአንዷ ሲሉ ሙሉ ጭነቱ ይቆማል።

ለክረምቱ አስቀድመው ያስቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የሚበቃዎት 95 ኩንታል ያህል ነው፤ ሦስት የአይሱዙ ጭነት መሆኑ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ሦስቱም ግቢዎ ይግቡ፤ በሐምሌ ያ 4 ኪሎ ሜትር ለጋሪም ይከብዳል፣ የገበያው እንጨትም ያን ጊዜ ነው ረጥቦ የሚወደድ። ቦታ ይበቃኛል ወይ ካሉ፣ 2 ሜትር ከፍታ፣ 2 ሜትር ተኩል ስፋትና 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዳስ ሁሉንም ይይዛል።

በደብዳቤዎ ላይ ማገዶው የሚነደው በጉልቻ ይሁን በምድጃ አልነገሩኝም። በጉልቻ ከሆነ ከሁሉ በፊት «ምርጥ» የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ያስገቡ። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ያን ጊዜ በዓመት ዘጠኝ ያልነው ጭነት አምስት ቢሆን አይደንቀኝም፤ ለመኪና ሰው መናገሩ ደስ ባይለኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከዘንዘልማ በኩል እንጨት እያመጣሁ ባሕር ዳር እሸጣለሁ። ያገለገለ ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ በቅርቡ ገዝቻለሁ። ስጭን ቂጡ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ጋራዥ ስወስደው «በየጎኑ ሁለት ባሌስትራ እንጨምርልህና 20 ኩንታል ትጭናለህ» አሉኝ። ልጨምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ባሌስትራ መጨመር ትችላለህ፤ 20 ኩንታል ግን አትጭንም። ባሌስትራው የሚያደርገው ቂጡን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። የኋላ እግሩ ያው የድሮው ነው፣ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ጎማውን የያዘው ብረት ያው ነው። ሊብሬህ ላይ የተጻፈው ኩንታል በብየዳና በባሌስትራ አይጨምርም። መኪናው ቂጡ መሬት ሊነካ ሲደርስ በዛብኝ እያለህ ነው፤ ባሌስትራ ጨምረህ አፉን ታስይዘዋለህ እንጂ ሸክሙን አታቀልለትም።

የጫንከው ስንት እንደነበረ አልጻፍህም። የባለ አንድ ጋቢናው ካሶኒ ረዘም ይላል፤ እስከ ስፖንዳው ሲሞላ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ ይይዛል። ደረቅ ከሆነ 7 ኩንታል አካባቢ ነው፤ ይህን መኪናህ ሳይጨነቅ ይሸከማል። እርጥብ ከሆነ 10 ኩንታል ይሞላል፤ ያ ድንበሩ ነው። እስከ ጋቢናው ጣሪያ ቆልለህ እርጥብ ከጫንህ ከ20 ኩንታል አልፈሃል፤ ጋራዡ ወደፊት ትጭናለህ ያለህን ቀድሞውኑ ጭነኸው ነበር ማለት ነው። ከላይ ለእንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብበው። ደረቅ እንጨት ሸጠህ በኩንታል ተጨማሪ ብር ብትጠይቅ ደንበኛ አታጣም፤ የጠጅ ቤቶችና የዳቦ ቤቶች ባለቤቶች ልዩነቱን ያውቁታል።

ያሉት ባሌስትራዎች አርጅተው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመውና ከጎን ሆነህ እየው። ባሌስትራው ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ወደ ላይ ከተቀለበሰ ሞቷል፤ ሙሉውን አስቀይር። አንዱ ንጣፍ ተሰንጥቆ ከሆነ በስንጥቁ ላይ የዝገት መስመር ታያለህ፤ ያን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ጎማህንም እይ። ለቤት መኪና የተሠራ ጎማ ገጥመህ እንጨት የምትጭን ከሆነ ከባሌስትራው በፊት ጎማውን ቀይር፤ ጎኑ ላይ ለጭነት የተሠራ መሆኑ የተጻፈበትን ፈልግ። ንፋሱን ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።

አንድ ባሌስትራ በየጎኑ ላስጨምር ካልህም ተጠንቅቀህ አስጨምር፤ ብዙ ጋራዥ የማይነግርህ ነገር አለና። መኪናህ ሥር ግባና የኋላ እግሩን እይ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ እግሩ ተነሥቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ትንሽ የፍሬን ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ሥራው ጭነት መለካት ነው። መኪናው ሲጫን ካሶኒው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ካሶኒው ከፍ ይላል፣ ቫልቩ ለኋላው ግፊት ይቀንሳል፤ ያለዚያ ባዶ መኪና ፍሬን ሲይዝ ኋላው ይንሸራተት ነበር። አሁን ባሌስትራ ስትጨምር ጭነህም ካሶኒው ዝቅ አይልም። ቫልቩ መኪናው ባዶ ይመስለዋል። 10 ኩንታል ጭነህ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ስትቃረብ የኋላ ፍሬንህ ግማሽ ልቡን ብቻ ነው የሚሠራ፤ ሙሉ ሥራው በፊቱ ላይ ይወድቃል፣ የፊት ፍሬን ሸራህም ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዘንጉ ማስተካከያ ብሎን አለው፤ ከፍታው ሲቀየር ርዝመቱ አብሮ ይስተካከላል። ከተስተካከለ በኋላ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ጭነህ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፍሬኑን ሞክረው። ባዶውን ስትይዘው ኋላው ከተንሸራተተ ግፊቱ በዝቷል፤ ጭነህ ስትይዘው አፍንጫው ብቻ ከተደፋ አንሷል። ሜካኒኩ ያን ዘንግ ሳይነካ «አለቀ» ካለህ ገንዘቡን አትክፈለው።